ደህና ነሽ አይደል

ሰፈሩ ሁሉ ጥድፊያ ይላታል። በስሟ የሚጠሯት እናቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ጠርተው ሳይጨርሱ ልጃቸው በሩን አልፋለች። ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው፤ ኮቷን የምትቆልፈው ደረጃ እየወረደች። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሃል ግን አንድ ነገር አትረሳም። ቁልፏን እየፈለገች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ «ደህና ነሽ አይደል እማዬ» ትላለች። እናቷም «ደህና ነኝ» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከወደቁ ወዲህ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትላለች፤ አንዴ በሩ ውስጥ ሆና፣ አንዴ ውጭ።

የምትሠራው ወገብና ጉልበት በሚታከምበት ክሊኒክ፣ እንግዳ ተቀባይ ሆና ነው። ኮሪደሩ ላይ አዙሯቸው የሚወድቁ ታካሚዎች ስለበዙ፣ ከመግባታቸው በፊት በታብሌት የሚጠየቁበት ገጽ እንድትሠራ ታዘዘች። ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ መማር ከጀመረች ገና ወሯ ነው። ሥራው ግን ቀላል ነበር፤ ታካሚው ደህና ከሆነ «ይግቡ» ይበል፣ ካልሆነ «ይቀመጡ፣ ነርስ ትመጣለች»። ለ«ከሆነ» አንድ ኢፍ፣ ለ«ካልሆነ» አንድ ኤልስ። ጻፈችው፤ መልሳ አላነበበችውም። ማን ጊዜ አለው!

ስድስት ሰዓት ላይ ለአለቃዋ ልታሳይ፣ አምስት ተኩል ላይ ሞከረችው። «ደህና ነኝ» የሚለውን ስትነካ «ይግቡ» አለ። «ያዞረኛል» የሚለውን ስትነካም «ይግቡ» አለ። አሥር ጊዜ ነካችው፤ አሥር ጊዜ አስገባት። ላብ አጠመቃት። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። በመጨረሻ ለአስተማሪዋ ደወለችና መስመሩን አነበበችላት።

«ስንት የእኩል ምልክት ነው ያደረግሽው?» አለች አስተማሪዋ።

«አንድ ነዋ። ስንት ሊሆን ኖሯል?»

«ሦስት። በአንዱ ታካሚውን እየጠየቅሽው አይደለም፣ እየነገርሽው ነው። ‹ደህና ነህ› ትይዋለሽ፣ እሱም እሺ ብሎ ደህና ይሆናል። ኤልሱ ጋ በምን እግሩ ይድረስ? ‹ደህና ነህ ወይ› የሚሉት ሦስቱ ናቸው።»

ሁለት ጨመረችበት። «ያዞረኛል» የሚለውን ነካች። «ይቀመጡ» አለ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ጠዋት እናቷን የጠየቀችበት ትዝ አላት።

ለአለቃዋ አሳይታ፣ ምሳም ሳትበላ ወደ ቤት ገሰገሰች። እናቷ የመኝታ ክፍሉ በር አጠገብ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል።

«ምነው፣ ምን ረሳሽ?»

«እማዬ፣ ደህና ነሽ ወይ?» አለችና ዝም አለች። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር። እግሯ ወለሉን ይመታል፣ እጇ የሚይዘው አጥቷል፣ አፏ «አይደል» ሊል ይቃጣዋል። ከንፈሯን ነከሰች።

እናቷ ትክ ብለው አዩዋት። «ትቀመጫለሽ?» አሉ።

ተቀመጠች።

«ዛሬም ጠዋት በሩን ስትዘጊው ወድቄ ነበር» አሉ። «የሰማሽ መስሎኝ ነበር።»