ግራኙ የኦስቲያ ልጅ

ሮማነወርቅ ልጇ በግራ እጁ ማንኪያ ባነሳ ቁጥር እጁን መታ ታደርገው ነበር። «በቀኝህ!» ትለዋለች። አሸብር እሺ ብሎ ወደ ቀኙ ያዛውርና፣ ዞር ስትል መልሶ በግራው ይበላል። እሷም ካዛንቺስ ስታድግ የሰማችው ይህንኑ ነው፤ በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፣ አለቀ።

ያኔ የሮም ዳርቻ በሆነችው ኦስቲያ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሲኞር አልዶ የሚባሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበረች። ልጇን ይዛ እንድትገባ የፈቀደላት ሌላ ቤት ሮም ውስጥ አላገኘችም። ሲኞር አልዶ በወጣትነታቸው ኔቱኖ ውስጥ ቤዝቦል ተጫውተዋል። ይህች ከሮም በስተደቡብ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ አገሩ ሁሉ ስለ እግር ኳስ ሲያወራ እሷ ስለ ቤዝቦል የምታወራ ናት። እሳቸው ተቀባይ ነበሩ፤ ወርዋሪው የሚለቃትን ኳስ ቁጢጥ ብለው በትልቅ የቆዳ ጓንት የሚቀልቡ።

አንድ የመስከረም ከሰዓት ሦስቱም ባሕሩ ዳር ወጡ። የሰባት ዓመቱ አሸብር ጠጠር እየለቀመ ውሃው ውስጥ በቆመ ምሰሶ ላይ ይወረውራል። አንዱንም አልሳተም።

«በቀኝህ አላልኩህም?» አለች ሮማነወርቅ።

ሲኞር አልዶ ክንዷን ያዟት። «እባክሽ ተይው! ማንቺኖ ነው እኮ፣ ግራኝ! እኛ ኔቱኖ ግራኝ ወርዋሪ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደምንጠብቅ ብታውቂ!»

«ሲኞር፣ እኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«ለመብላት ቀኙን አስለምጂው። ለመወርወር ግን ግራውን ተይለት።»

ትንሽ አሰበችበት። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «ማዕድ ላይ ግን በቀኙ ነው።»

ልጁ ኔቱኖ ካሉት ክለቦች በአንዱ ተመዘገበ። ግራኝ ጓንቱን የሚያጠልቀው በቀኝ እጁ ነው፤ ክለቡ ያሉት ጓንቶች በሙሉ ደግሞ ለቀኝ ወርዋሪ የተሠሩ ስለነበሩ፣ ሲኞር አልዶ አንድ ጫማ ሰፊ አግባብተው አሰፉለት። የሮማነወርቅ የእረፍት ቀን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነበር። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣጥፍ ልጇን እየጎተተች ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ትሮጣለች፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በባቡር።

ጓደኛዋ ተብለጽ ትስቅባት ነበር። «ሰው በእረፍቱ ቀን ያርፋል፤ አንቺ ዱላና ኳስ ስታዪ ትውያለሽ!»

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው የጣሊያን የወጣቶች ቡድን አሰልጣኝ መረጠው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ሰፍሮ ካለቀ በኋላ ፓስፖርት ተጠየቀ። ሮም ተወልዶ፣ ሮም ተምሮ፣ እንደ ሮም ልጆች እየተሳደበ ያደገው አሸብር ከኪሱ ፔርሜሶውን፣ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አወጣ። አሰልጣኙ ካርዱን አገላብጦ አየና አንገቱን ደፋ። ቡድኑ ያለ እሱ በረረ።

ቤት ገብቶ ቦርሳውን ወረወረ። «ማሚ፣ ታዲያ እኔ ምንድነኝ?» አላት በጣሊያንኛ።

በአማርኛ መለሰችለት። «ግራኝ ነህ። ወረቀቱ በአሥራ ስምንትህ ይደርስልሃል። እስከዚያ ወርውር።»

ወረወረ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የዜግነቱን ወረቀት ፈረመ፤ በዚያው ዓመት ኔቱኖ ላይ የመጀመሪያውን የባለሙያ ውል ፈረመ። ዱላ ይዞ ኳሷን የሚጠብቅ ግራኝ መቺ ግራኝ ወርዋሪ ሲገጥመው ኳሷ ከጀርባው የመጣች ይመስለዋል። ስለዚህ አሰልጣኙ አሸብርን ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲልና አደገኛ መቺ ሲመጣ ይጠራዋል። አንዳንዴ አራት ኳስ ብቻ ወርውሮ ይመለሳል። «ሦስት ሰዓት የተቀመጥኩት ለዚህች ነው?» ትለው ነበር ሮማነወርቅ፣ ፊቷ ግን ያበራል።

ሲኞር አልዶ አራት የጨዋታ ዘመን አይተውለት ዐረፉ። የተቀባይነት ጓንታቸውን ለእሷ ተናዘዙላት። እናትና ልጅ ሮም መሃል ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ፤ እሷም በየሰው ቤት በሰዓት መሥራት ጀመረች።

በሃያ አራት ዓመቱ፣ ጨዋታ መሃል፣ ክርኑ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ «ከአምስት ሜትር ትጀምራለህ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትጨምራለህ» አለው። ግን ጓደኞቹ ውድድር ላይ ናቸው፣ ማን ይቀበለው? አሸብር ግድግዳ ላይ መወርወር ጀመረ።

ሮማነወርቅ ሁለት ቀን በመስኮት አየችው። በሦስተኛው ከሥራ ስትመለስ የሽማግሌውን ጓንት አጥልቃ ወደ ግቢው ወረደች።

«ማሚ፣ ይመታሻል!»

«አሎራ፣ እንግዲያው ቀስ ብለህ ጀምር።»

የመጀመሪያዋ ኳስ ደረቷን መታቻት፣ ሁለተኛዋ አመለጠቻት፣ ሦስተኛዋን ያዘች። ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ወረደች። አምስቱ ሜትር ስምንት፣ ስምንቱ አሥራ ሁለት ሆነ። መዳፏ አብጦ መጥረጊያ መጨበጥ ሲያቅታት በጨው ውሃ ትዘፈዝፈዋለች እንጂ አንድም ቀን አልቀረችም። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ የምታሰማው ድምፅ ከቀን ወደ ቀን ሲጠነክር፣ የልጇ ክንድ እየተመለሰ መሆኑን ከሐኪሙ በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ርቀቱ ወርዋሪ በጨዋታ የሚወረውርበት አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ሲደርስ፣ «ከእንግዲህስ ለጓደኞችህ ወርውር፤ እኔ እጄን እፈልገዋለሁ» አለችው።

ተመለሰ። በሃያ ስምንት ዓመቱም በአሥራ ስድስቱ የተነፈገውን ማልያ ለበሰ፤ የጣሊያን ዋና ቡድን ለአንድ የአውሮፓ ውድድር ጠራው። ጨዋታው ኔቱኖ ሜዳ ላይ፣ ከኔዘርላንድ ጋር ነበር። ጣሊያን በአንድ ነጥብ ትመራለች፤ ጨዋታው እንዲያልቅ መውጣት የቀረው አንድ የኔዘርላንድ መቺ ነው፣ እሱም ግዙፍ ግራኝ፤ ሦስቴ ከሳተ አለቀ። አሰልጣኙ እጁን አነሳ፤ አሸብር እየሮጠ ገባ።

ከተመልካቹ መሃል የተቀመጠችው ሮማነወርቅ እስከዚያ ቀን ድረስ ጨዋታ ላይ እሱ ሲወረውር ፊቷን ታዞር ነበር። ያን ዕለት ግን አላዞረችም። በመጀመሪያዋ ኳስ ሰውየው ዱላውን ሰንዝሮ ሳተ። ሁለተኛዋን መታት፤ ከመስመሩ ውጭ ወደቀች፣ ይህም እንደ መሳት ይቆጠራል። ሦስተኛዋ ወደ ጀርባው የምትሄድ መስላ ወጣችና ተጠምዝዛ ገባች። ዱላው አየሩን ብቻ ቀዘፈ። ሜዳው ጮኸ፤ ተጫዋቾቹ አሸብርን ከመሬት አነሱት። እሷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ አጠገቧ ላሉት ለማያውቋት ሁሉ «የእኔ ነው! የእኔ ነው!» ትል ነበር።

ማምሻውን ባቡር እንደገባች ለተብለጽ ደወለች። ባቡሩ ተርሚኒ ደርሶ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ፣ እሷ ገና ስለ ሁለተኛዋ ኳስ እየተረከች ነበር።