ያልተከፈተው ካርድ

እንግዳወርቅ ነርስ ናት። ጌዶ ውስጥ በመኖሪያ ቤቷ የፊት ክፍል ትንሽ ክሊኒክ ነበራት። ባሏ ጉርሙ የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህር ነው። የበሽተኞቹን የወረቀት ካርድ አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብሎ ወደ ኮምፒውተር ያስገባላት እሱ ነበር። ካርዱን የያዘው ማሽን፣ እሱ ሰርቨር የሚለው፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ያለ እረፍት ይሠራል። ወረቀቶቹን እሷ ማስቀመጥ ብትፈልግም «ቤት ያጣብባሉ» ብሎ አስጣላት።

አምቦ ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግነው የቀድሞ ተማሪው ሞቲ አንድ ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ ማሽኑን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ኦቦ ጉርሙ፣ ሁሉንም በቀጥታ ማሽኑ ላይ ነው የጫኑት። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ኮንቴይነር ይሥሩለት። የሚፈልጋቸው አጋዥ ፋይሎች እዚያው ውስጥ አብረውት ይታጠሩ። አለዚያ ለአንዱ ሲያድሱ ሌላው ይወድቅብዎታል።»

«ኮንቴይነር? ሱቅ ልከፍት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ ጉርሙ። «ያሉኝ ሦስት ፕሮግራሞች ናቸው። አንድ ማሽን ይበቃቸዋል።»

«ቢያንስ የካርዱን ለብቻው ያድርጉት።»

«እሺ፣ ክረምት ላይ።»

ክረምቱ መጥቶ ሄደ።

ጥር 2012 ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰሞን፣ ጉርሙ ለተማሪዎቹ ባልደረባው በፍላሽ የሰጠውን የትምህርት ፕሮግራም ጫነ። ፕሮግራሙ አዲስ አጋዥ ፋይል ፈለገ፤ እሱም ፍላሹ ላይ ስለነበር አብሮ ጫነው። አዲሱ ፋይል ማሽኑ ላይ የነበረውን አሮጌ አጥፍቶ ቦታውን ያዘ። የካርዱ ፕሮግራም ደግሞ የሚሠራው በአሮጌው ብቻ ነበርና አልከፈት አለ። አሮጌውን መልሶ ለማውረድ ኢንተርኔት የለም።

«ምን ሆነ?» አለች እንግዳወርቅ።

«መብራቱ ነው ያበላሸው» አላት። «ሞቲ ጋ የድሮው ፋይል አይጠፋም። አምቦ ደርሼ እመለሳለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሌታ የተባለ ገበሬ እናቱን ወይዘሮ ሸዋነሽን ደግፎ አመጣት። ሳንባዋን ታማለች፤ ትኩሳቱ ያስቀባጥራታል።

«የማይስማማት መድኃኒት አለ?» ስትል እንግዳወርቅ ጠየቀችው።

«እኔ እንጃ ሲስተር። ካርዷ እናንተው ጋ አይደል?»

ፔኒሲሊን ከመስጠቷ በፊት በጥቂቱ ቆዳዋ ላይ መሞከር ነበረባት። የሴትዮዋ ትንፋሽ ሲቆራረጥ አይታ ግን ቸኮለች፤ ወጋቻት። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ። እንግዳወርቅ ያላትን መድኃኒት ሁሉ ሰጠቻት፤ አልመለሳትም። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና ሳይገኝ ሞተች።

ጉርሙ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ቀጥታ መኝታ ቤት ገብቶ ፋይሉን መለሰና ካርዱን ከፈተ። እንግዳወርቅ ከኋላው ቆማ አነበበች፤ «ፔኒሲሊን በፍጹም አይሰጥ» ይላል። ያንን የጻፈው እሱ ራሱ ነበር።

«መብራት ነው አላልከኝም?»

«አይደለም። እኔ ነኝ።»

ከቀብሩ በኋላ ሁለቱም ሌታ ቤት ሄደው ምንም ሳይደብቁ ነገሩት።

«ባትነግሩኝ እኮ የአምላክ ሥራ ነው ብዬ እተወው ነበር» አለ ሌታ። «አሁን ምን ላድርገው?»



እንግዳወርቅ የሆነውን ሁሉ ለጤና ቢሮ በራሷ እጅ ጽፋ ክሊኒኩን ዘጋች። ከብዙ ምርመራ በኋላ እንድትሠራ ሲፈቀድላት ሸነን ጤና ጣቢያ ገባች፤ ጌዶ የምትመጣው በወር አንዴ ነው። ጉርሙ ማሽኑን አጽድቶ ሞቲ እንዳለው እያንዳንዱን ፕሮግራም በየኮንቴይነሩ አደረገ። ሦስት ቀን ብቻ ፈጀበት። ሲጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሽማግሌዎች ከሌታ ጋር አስታርቀዋቸዋል። ገበያ ላይ ሲገናኙ ሌታ ጉርሙን ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቀዋል፤ ጉርሙም ይመልሳል። ስለ ሌላ ነገር አያወሩም።