የቤቱ እጅ

የሻይ ቤቴን ግድግዳ አይቶ የማይጠይቅ እንግዳ የለም። ከቴፒ የሚመጡ ሹፌሮች ሻይ እስኪቀርብላቸው የተለጠፉትን ጋዜጦች ያነባሉ፤ ከዚያ ፎቶውን እያሳዩ «እማማ፣ ይቺ ሴትዮ ዘመድዎ ናት እንዴ?» ይሉኛል። አይደለችም እላለሁ። ሌላ አልጨምርም። ለሹፌር የማልነግረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሴትዮዋ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድራ የነበረች ናት። አላሸነፈችም። እሷን ጎድቷት ይሆናል፤ ስለ እኔ መጎዳት ግን የምታውቀው ነገር የለም።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሚዛንን ከአማን በሚያገናኘው መንገድ ዳር ነው ይህን ሻይ ቤት የከፈትኩት። ሰው የሚመጣው ኮረሪማ ላለበት ሻይዬ ነው። እኔ የምጠብቀው ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውቶቡስ ነበር፤ ጋዜጣ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ወሬው አርጅቷል፣ የወረቀቱም ዳር በዝናብ ርሷል። ቢሆንም ሬዲዮ የነገረኝን በጽሑፍ ካላየሁ አላምንም። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ያረጀ ሰው እንዲህ ነው።

ሴትዮዋ በተወዳደረችበት ዓመት የእኛ ጋዜጦች የአሜሪካኖቹን ጽሑፍ እየተረጎሙ ያወጡ ነበር። አሜሪካኖቹ አንድ ልማድ አላቸው። ምርጫ ሲቃረብ ጋዜጣው በራሱ ስም «እኛ የምንደግፈው እገሌን ነው፤ ምክንያታችንም ይህ ነው» ብሎ በግልጽ ያትማል። ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። እኛ ሰፈር ማንን እንደሚደግፍ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው ብርቅ ነው። ጋዜጦቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከሴቲቱ ጋር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሌላው ፓርቲ ጋር የኖሩት አንዳንዶቹ እንኳ ሳይቀሩ። እኔም እያንዳንዷን ገጽ እየቆረጥኩ ጭቃው በተፈረፈረበት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።

የዱቄቱን ሙጫ የምታበስልልኝ ጎረቤቴ ነበረች። በመካከላችን የእንሰት አጥር ብቻ ነው ያለው። ልጆቻችን ከአንድ ድስት በልተው ነው ያደጉት። ማንበብ ስለማትችል እኔ እያነበብኩላት እሷ ትለጥፋለች።

«ይሄኛውስ ምን ይላል?»

«እሱም ከእሷ ጋር ነኝ ይላል።»

«እሰይ! ይኼን ከፍ አድርጌ ልለጥፈው።»

እንዲህ የለፋሁት ለአሜሪካ ብዬ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር የሰፈራችን እድር ዳኛ ይመርጥ ነበር፤ እኔም ልወዳደር ቆርጬ ነበር። የእድሩን ጸሐፊነት ለዓመታት ይዤአለሁ፤ ዳኛ የሆነች ሴት ግን አልነበረችም። ዳኛው የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ፣ ለለቅሶው በተተከለው የእድሩ ድንኳን ውስጥ፣ ይኸው ሰው ራሱ የጠራቸውን ሽማግሌዎች ደርድሮ የባሌን የቡና መሬት «የአባታችን ነው» ብሎ ወሰደው። እንግዳው ገና ንፍሮ እየቆረጠመ ነበር። ለእኔ ቤቱና ጓሮው ተረፈኝ።

የእድር ዳኛ ማለት የድንኳንና የድስት ኃላፊ ነው፤ ሌላ ሥልጣን የለውም ይባላል። ድንኳኑ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ዝም እንደሚል የሚወስነው ግን እሱ ነው። ከእኔ በኋላ የምትመጣ መበለት እንደ እኔ በገዛ ለቅሶዋ ላይ እንዳትዘረፍ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አለብኝ እል ነበር። ለሰው የምናገረው ይህን ነው። ለራሴ ደግሞ ያ ሰው አንድ ቀን እኔን ፈቃድ ሲጠይቅ ማየት እፈልግ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ዳኛው በየጠዋቱ እየመጣ ሻይዬን ይጠጣል። ግድግዳውን ቀና ብሎ ያያል።

«እኔ የምለው፣ አሜሪካኖች ወንድ አለቀባቸው እንዴ?»

«ወንዱማ ሞልቷል ጋሼ፤ ሰው ነው ያነሳቸው።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሱም ይስቃል፤ ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት ድምፅ ግን ሌላ ነው።

እኔም የራሴ ደጋፊዎች ነበሩኝ። ከጅማ መጥተው እዚህ በጨርቅ ንግድ የከበሩት ሐጂ፣ ሰው በተሰበሰበበት እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው «እኔ ከመምህርት ጋር ነኝ፤ ቃሏ ቃል ነው» አሉ። የድሮ አለቃዬ፣ ጡረታ የወጣው ርእሰ መምህር፣ «ጊዜው የሴቶች ነው» ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲወጡ ጎረቤቴን ጠቀስኳት።

«አየሽ፣ እነዚህ የእኔ ጋዜጦች ናቸው።»

«እንግዲያው ሙጫ ላምጣና ሐጂን ከነጥምጣማቸው እንለጥፋቸዋ!» አለችኝ። እስክናለቅስ ሳቅን።

የአሜሪካው ውጤት በሬዲዮ የተነገረ ጠዋት ዳኛው ከወትሮው ቀድሞ መጣ። ሆን ብሎ ከሴቲቱ ፎቶ ሥር ተቀመጠ።

«ጋዜጦችሽ ዛሬ ምን አሉ?»

«ገና መንገድ ላይ ናቸው ጋሼ።»

«አይቸኩሉ። ጋዜጣ አፍ እንጂ እጅ የለውም።»

ይህችን አባባል ከተማውን ሙሉ ይዟት ዞረ። የጎመን ነጋዴዋ ሳትቀር ነገረችኝ።

ብዙ የአሜሪካ ሴቶች ላሸነፋት ሰውዬ ድምፅ እንደሰጡ ሬዲዮው ሲናገር ጎረቤቴ ጓዳ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ወጥታ «ሴት ሆነው? እጃቸው ይቆረጥ!» አለች። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። የእኛ እድር ሰው አይቆጥርም፤ ቤት ነው የሚቆጥረው። አንድ ቤት አንድ እጅ ነው። ባል ካለ የባል ነው፤ ባል ስብሰባው ላይ ካልተገኘ ሚስት ትወክለዋለች። እንደ እኔ ያለች መበለት ደግሞ የራሷ እጅ አላት። ኅዳር የቡና ለቀማ ነው። ወንዶቹ ቡናውን ከሌባና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ጫካ ይወርዱና እዚያው ጎጆ ያድራሉ። ስብሰባው በዚያ ወር ከዋለ ድንኳኑን የሚሞሉት ሴቶች ናቸው። ዳኛው «ለቀማው ይለፍና እንሰብሰብ» ሲል እኔ መተዳደሪያ ደንቡን ጠቅሼ ተከራከርኩ። ጥቂት አጉረምርሞ «እሺ፣ እንዳልሽ» አለ። ቶሎ እሺ ማለቱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

እሑድ ደረሰ። እንዳሰብኩት ድንኳኑ ነጠላ በለበሱ ሴቶች ሞላ። ሐጂ ዕቃ ሊያመጡ ጅማ ሄደዋል ተባለ። ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ ስለ እኔ ያልተናገረው ደግ ነገር የለም፤ ታማኝነቴን፣ ትጋቴን፣ ትዕግሥቴን አወራ። መጨረሻ ላይ «ሆኖም በለቀማ መካከል ዳኛ መለወጥ አይመከርም» ብሎ ቁጭ አለ። ያን የመሰለ ምስጋና ከቀብር ላይ በቀር ሰምቼ አላውቅም።

ጥሩምባ ነፊው «ለመምህርት፣ እጅ ይውጣ!» አለ። የመበለቶች እጆች ወጡ። ከእነሱ በቀር አንድም አልወጣም።

«ለዳኛው!»

ነጠላዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተንቀሳቀሱ። እጃቸውን አውጥተው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ጎረቤቴ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ነበረች። የእሷም እጅ ወጥቷል። ጥፍሯ ሥር ለቀማው ያጠቆረው ይታየኝ ነበር።

ስንወጣ የእንሰቱ አጥር ጋ ጠበቅኋት።

«አንቺ፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ምን ላድርግ እቴ!» አለች። «ዳኛው በየጎጆው ዞሮላቸው የለ? አረቄ ይዞ ከወንዶቹ ጋር አድሮ ነው የመጣ። ትናንት ለባሌ ስንቅ ባደርስለት፣ ባዶውን አገልግል ሲመልስልኝ ‹እጄን ለዳኛው አውጪልኝ› አለኝ።»

«እና የራስሽ ሐሳብስ?»

«ሐሳቤማ ከአንቺ ጋር ነው። እጁ ግን የእሱ ነው፤ እኔ ይዤው ነው የመጣሁት።»

እኔ ሴቶቹን ስቆጥር ዳኛው ጎጆዎቹን ዞሯል። በልጦኛል። ይህን ለመናገር አላፍርም፤ የማፍረው ለዚያ ሰው ዓመት ሙሉ ኮረሪማ ያለበት ሻይ በመቅዳቴ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጎረቤቴን ሰላም እላታለሁ፤ እሳት ስትጠይቀኝም እሰጣታለሁ። ሙጫ አብስይልኝ ግን ብያት አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሏ ሞተ። ያው ድንኳን ተተከለ፤ ያው ዳኛ ተቀመጠ። የባሏ ወንድሞች ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ «የአባታችን ነው» አሉ። ዳኛው ቀድመው እንዲናገሩ ፈቀደላቸው። እሷ ከሴቶቹ መካከል አንገቷን አዙራ እኔን አየችኝ። ሁሉም አይቷታል። ምን እንድል ነበር የፈለገችው? እዚያ መናገር የሚችለው ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ነው፤ እሱን ደግሞ ያስቀመጡት እጆች ናቸው። ንፍሮዬን ቆረጠምኩ። የቡናውን መሬት ይዘውት ሄዱ።

በቅርቡ አሜሪካኖች እንደገና ሴት አወዳድረው ነበር። ጎረቤቴ የልጇን ስልክ ይዛ መጣች፤ የልጅ ልጇ እያነበበላት ሰምታለች።

«ዘንድሮም ጋዜጦቹ እየደገፏት ነው አሉ። አንዳንዶቹ ግን ‹ማንንም አንደግፍም› ብለዋል። ፈሪዎች!»

«እነሱ ይሻላሉ» አልኳት። «ቢያንስ ቀድመው ተናግረዋል።»

 እንዲገባት ነበር የተናገርኩት፤ ገብቷታል። ያቺም ሴት ተሸነፈች፤ እኔ የለጠፍኩት ነገር ስላልነበረ ማንም መጥቶ አላሾፈብኝም።

ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጣች። እድሩ ሊመርጥ ነው። ዳኛው ዛሬ በዱላ ነው የሚሄደው፤ አሁንም እወዳደራለሁ ይላል። ከግድግዳው ሥር ተቀመጠችና ሻይዋን ሳትነካ ቆየች።

«ተወዳደሪ» አለችኝ። «እባክሽ። አሁን እጁ የራሴ ነው።»

ያን ቃል ለመስማት ስንት ኅዳር እንደጠበቅኩ ለእሷ አልነግራትም። «እሺ» የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር፤ ግን ወንበሩ መሬት አይመልስላትም። ለእኔም አይመልስልኝም። ከኋላዋ ጋዜጣው በጭስ ጠቁሯል፤ ምስጥ ከሥር ጀምሮታል፤ የሴትዮዋ ፊት ግን እስከ አገጯ ድረስ ይታያል። ጎረቤቴ ጀርባዋን ደገፍ አደረገችበት።

«ቀና በይ» አልኳት፤ «ጭቃው ነጠላሽን ያቆሽሻል።»