ፍቺዬን ፍለጋ ወደ ሰቆጣ

ሰኞ፣ ከወልድያ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወልድያ መናኸሪያ ስደርስ ሠርግ የተጠራሁ እንጂ ለፍቺ የምሄድ አልመስልም ነበር። አዲስ ነጠላ ለብሻለሁ፣ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ፣ ከሹፌሩ ጋር እንኳ ገና መኪናው ሳይነሳ ተላምደናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዮናስ ጋር በጥር ልንጋባ ቀን ቆርጠን፣ ጠላው ሊጠነሰስ ገብሱ ተገዝቶ፣ ጋብቻችንን ልናስመዘግብ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ ቅጹን እየሞላች «ከዚህ በፊት አግብተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «አዎ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሰቆጣ ዙሪያ። ግን ሽማግሌዎች አፋትተውናል፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ። ያለ እሱ በሕግ አሁንም ባለትዳር ነሽ።»

ዮናስ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ መሬት። የፍርድ ቤት ወረቀት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም ተስፋ ቆርጬ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ነርስ ሆኜ ከምሠራበት ክሊኒክ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። ሐሳቤ ሁለት ነበር፦ መዝገቡ ካለ ግልባጩን ማውጣት፤ ከሌለ ደግሞ የድሮ ባሌን ካሳውን ፈልጌ አዲስ ፍቺ መጠየቅ። ከእነዚህ አንዱ ካልተሳካ የጥር ሠርጋችን ቀረ ማለት ነው።

ጋሸና ላይ ለሻይ ወረድን። ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ምንም አልቀረውም። ሁለት ትኩስ ቦንቦሊኖ በሃያ ብር ገዝቼ እዚያው ቆሜ ጨረስኳቸው። ላሊበላ የደረስነው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ አልጋ በአራት መቶ ብር ይዤ በጊዜ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ በጋዝጊብላ በኩል

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ ያለውን መንገድ ለማያውቀው እንዲህ ልበል፤ አቧራው ከሰው ቀድሞ ይሳፈራል። ቢልባላን አልፈን ወደ ጋዝጊብላ ስንወጣ ጥዱ እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ። ከዚያ በኋላ ገደሉ በግራም በቀኝም ነው። ቀኑ የሰቆጣ ገበያ ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል፦ ፍየል የሚነዱ፣ ማር በቅል የያዙ፣ ማሽላ በአህያ የጫኑ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የማላውቃቸው ሆነው ሳለ ቆሎ በእፍኝ ሰጡኝና በአገውኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ቋንቋው ከአፌ ሲወጣ ራሴም ገረመኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወልድያ ላይ የማናግርበት ሰው አጥቼ ነበርና ደስታዬ መንገዱን አሳጠረልኝ።

ሰቆጣ ስገባ ዕቃዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጥኩ። መዝገብ ቤት ያገኘኋት ትርሲት የምትባል ረጋ ያለች ልጅ ናት። ስሜን፣ የካሳውን ስምና ዓመቱን ነገርኳት። የዚያን ዓመት፣ ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ቀጥሎም የመጣውን የመዝገብ ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች አየችልኝ።

«ዝናሽ አየለ የሚባል አመልካችም ተጠሪም የለም፣ እትየ። በካሳው ስምም ፈልጌዋለሁ፣ የለም።»

ግን ሁለተኛው ሐሳብ አለ አይደል? መንደራችን ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፣ ስልክም አይይዝም። መልእክት የሚላከው በወይዘሮ ዘምዘም ሱቅ በኩል ነው። ወይዘሮ ዘምዘም ጨርቅና ጨው የሚሸጡ፣ የእኛን አካባቢ ሰው ሁሉ ከነአያቱ የሚያውቁ ነጋዴ ናቸው። ገና ሲያዩኝ አወቁኝ።

«አንች! የካሳው ሚስት የነበርሽው? ምን እግር ጣለሽ?»

«ልፈታው መጥቼ ነው፣ እትየ ዘምዘም።»

እሳቸውም ጨው ስትገዛ ለነበረች የመንደራችን ሴት ጮክ ብለው «ለካሳው፣ ዝናሽ ልትፈታህ መጥታለችና ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት እንድትገኝ ብላለች በይው» አሏት። ሴትዮዋ ዓይኗን አፈጠጠች። «ዛዲያ እስታሁን አልተፋቱም ነበር?» ጨርቅ የሚለካው፣ ሻሽ የሚመርጠው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኀፍረቴ ሳቄ በለጠ።

ረቡዕ፣ ከማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ

ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ አገኘሁ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «የፍቺው ምክንያት?» አለኝ።

«ጥል የለንም።»

«ታዲያ ለምን ትፈችዋለሽ?»

«ላገባ!»

ጃንጥላው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ዘጠኝ ዓመት ተለያይተን መኖራችንን፣ ልጅ እንደሌለን፣ መሬቱንም ያኔውኑ እንደተውኩለት አንድ በአንድ ጻፈ። ካሳው ከተስማማ ሁለታችን ፈርመን እንደምናስገባ፣ ዳኛው ግን እንደገና አስቡበት ብለው ጊዜ ሊሰጡን እንደሚችሉ ነገረኝ። «ስንት ጊዜ?» ብዬ ብጠይቀው ወራት ጠራብኝ። ጥር ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ። ያን ቀን ምሳ የቀረበልኝን ያን የመሰለ የፍየል ጥብስ እንኳ ለግማሹ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ፍርድ ቤት ግቢ

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካሳው መጣ፤ ብቻውን ግን አይደለም። የሁለታችንም የንስሐ አባት የነበሩት ቄስ ሞገስ መቋሚያቸውን ይዘው አብረው ከንጋት ጀምሮ ተጉዘዋል። መስቀል ተሳለምኩ። ካሳው በላስቲክ የተጠቀለለ የመሬት ደብተሩን ታቅፏል። ለካ እሱም ቸግሮታል፦ አግብቶ ሁለት ልጅ ወልዷል፣ የፍቺ ወረቀት ስለሌለው ግን ደብተሩ ላይ ያለው እስከ ዛሬ የእኔ ስምና የእኔ ፎቶ ነው።

«እንዴት ነህ፣ ካሳው?»

«ደኅና። ወፍረሻል» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። በእኛ አገር ይህ ምርቃት ነው።

ቄስ ሞገስ ማመልከቻውን ተቀብለው ከፊታቸው አርቀው አነበቡት። ከዚያ ቆጣ አሉ።

«አንች ልጅ፣ የፈረሰን ትዳር ምን ልታፈርሽ ነው የመጣሽው? ዳኛ አፍርሶታል እኮ!»

«የት ያለ ዳኛ፣ አባ? እኔ የማውቀው እርስዎንና ሽማግሌዎቹን ነው።»

«ከወይራው ሥር፣ ኮት ለብሶ መሐል የተቀመጠው ሰውየ ማን መስሎሽ ኖሯል?»

ያ ቀን መጣብኝ። ሰው በክብ ተቀምጦ፣ እኔ በነጠላዬ ተሸፍኜ አለቅሳለሁ። ካሳውን ጠልቼው አልነበረም፤ ኮሌጅ ልገባ እንጂ ጎጆ ልይዝ አልፈለግሁም፣ ይህንንም በሰው ፊት ለማለት አፍ አጣሁ። ኮት የለበሰ እንግዳ ሰው ነበረ፣ አጠገቡም የሚጽፍ። የወረዳ ሹም መስሎኝ ነበር። ለካ ተዘዋዋሪ ችሎት ኖሯል! ፍርድ ቤቱ ራሱ እየዞረ የገጠሩን ጉዳይ የሚያይበት ችሎት ነው።

«ታዲያ መዝገብ ቤት ስሜ የለም» አልኳቸው።

«ስምሽን ሲጠይቅሽ አንች መሬት መሬት ታያለሽ። እኔ ነኝ የነገርኩት።»

«ማን ብለው?»

«የክርስትና ስምሽን ነዋ! የንስሐ ልጄን በሌላ በምን ልጥራት? የካሳውንም፣ የአባቶቻችሁንም እንደዚያው።»

ሦስታችንም ወደ መዝገብ ቤት ገሰገስን፤ ካሳው የቄሱን መቋሚያ ይዞላቸው፣ እኔ ከፊት። «ወለተ ጻድቅ ገብረ ማርያም!» አልኳት ትርሲትን ትንፋሼ እየተቆራረጠ። ጣቷ በዝርዝሩ ላይ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ወደ ውስጥ ገብታ በሲባጎ የታሰረ ቀጭን ፋይል ይዛ ወጣች። አመልካች ወለተ ጻድቅ፣ ተጠሪ ኃይለ ጊዮርጊስ። ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ራሴን መቆጣጠር አቃተኝና ግቢው ውስጥ እልል አልኩ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «ዝም በይ፣ ችሎት አለ! ማን ተፈታ?»

«እኔ! ከዘጠኝ ዓመት በፊት!»

ከዚያ ውሳኔውን ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። አመልካች ተጠይቃ መልስ እንዳልሰጠች ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ተጠሪ ሲጠየቅ፣ ጥል የለንም፣ እሷ መማር ትፈልጋለች፣ አፍራ አልተናገረችም እንጂ እኔ አውቃለሁ፣ ይፍቱን ብሏል።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካሳው የተወኝ ሽማግሌ አስገድዶት፣ ቂሙንም ይዞ ይመስለኝ ነበር። እያለቀስኩ ስለነበር ያለውን አልሰማሁትም። ቀና ብዬ ባየው የመሬት ደብተሩን ላስቲክ እየፈታ ያጥፋል።

«አንተ ነህ እንዲህ ያልከው?»

«መጽሐፍሽን ከእህሉ ጎታ ኋላ ትደብቂው ነበር። ዛዲያ እኔ አላይም?»

አመሰግናለሁ አልኩት። ቃሉ አነሰብኝ፣ ግን ሌላ አልነበረኝም።

ዓርብ፣ ችሎት

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። መታወቂያዬ ዝናሽ አየለ ይላል፣ ውሳኔው ወለተ ጻድቅ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ዳኛ ማረጋገጥ አለበት። ጃንጥላው ሥር ያለው ጸሐፊ የረቡዑን ማመልከቻ ቀዶ አዲስ ጻፈልኝ፣ በጉዳዩም ከእኔ ብሶ ተደሰተ። ቄስ ሞገስ ከቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ አመጡ። ወይዘሮ ዘምዘምም ሱቃቸውን ዘግተው ምስክር ሆኑ፤ «የክርስትና ስሟን አላውቅም፣ ጌታየ፤ የካሳው ሚስት የነበረችው ግን ይቺው ናት፣ የሠርጓን ቀሚስ እኔ ነኝ የሸጥኩላት» አሉ። ዳኛው ፈገግታቸውን በወረቀቱ ሸፈኑ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስምሽን ንገሪኝ።»

ከጎኔ ቄስ ሞገስ ትንፋሽ ሲስቡ ሰማሁ፤ አፋቸው ተከፍቷል። ቀደምኳቸው።

«ዝናሽ አየለ። የክርስትና ስሜ ወለተ ጻድቅ።»

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። ከሰዓት በኋላ የሁለታችንም ማረጋገጫና የፍቺው ግልባጭ ማኅተም አርፎበት በእጃችን ገባ። ካሳው አንድ ኪሎ ነጭ ማር ሰጠኝ፤ ሚስቱ «ለሠርጓ» ብላ የላከችው ነው። «ፎቶሽን ከደብተሩ ሲያነሱት ላስቀምጥልሽ?» አለኝ። የሚስቱን ቶሎ እንዲለጥፍበት ነገርኩት።

ሰኞ፣ ወልድያ

ቅዳሜና እሑድ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ፤ ማሩ ጭኔ ላይ፣ ወረቀቱ ደረቴ ላይ። ዮናስ መናኸሪያ ጠበቀኝ። የካሳውን ቃል ሳነብለት «ሠርጉ ላይ እንጥራው» አለ። ጠርተነዋል፣ ከነሚስቱ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ያኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ይህ ሁሉ አቧራ አያስፈልገኝም ነበር። ግን አቧራውን አልጠላሁትም፤ ባልሄድ ኖሮ የካሳውን ቃል ሳላውቀው እኖር ነበር።

ዛሬ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ያችው ጸሐፊ ወረቀቶቼን አገላብጣ አየችና አዲስ ቅጽ አወጣች። «የሙሽሪት ስም?» ብላ ዮናስን አየችው። ዮናስ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት።

«ተው» አልኩት፣ «እኔ ልናገር።»