ሙሉ በሙሉ በእጅ

ወደ ሲጋር ሱቄ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ በዚያ ሙቀት እንኳ የእጅጌዋ ቁልፍ እስከ አንጓዋ የተቆለፈ ነው። ስሟን አላውቅም። ሳጥኑን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ታነባለች። «በእጅ የተሠራ» ብቻ የሚል ከሆነ ትመልስልኛለች፤ ውስጡን ማሽን ሞልቶት ሽፋኑን ብቻ ሰው የጠቀለለው ሊሆን ይችላል። «ሙሉ በሙሉ በእጅ» የሚለውን ግን ትከፍትና እያንዳንዱን በጣቶቿ ጫን ጫን እያደረገች፣ የሳሳ ቦታ እንዳለው ትፈትሻለች።

«እህቴ፣ እንዳንቺ የሚመርጥ ደንበኛ የለኝም» አልኳት አንድ ቀን።

«ለባለቤቴ ነው። ባንድ ጎኑ ብቻ ከነደደበት እኔ ላይ ነው የሚያጠፋው» አለችኝ፣ የገበያ ወሬ እንደምታወራ።

ትናንት ባልየው ራሱ እየጎተተ አመጣት። ሳጥኑን ፊቴ ወርውሮ «ይሄን ገለባ ነው የምትገዛልኝ?» ብሎ በጥፊ ሲላት፣ የባንኮኒው መስታወት በግንባሯ ተሰነጠቀ። ደሙን አልጠረገችም። ሊደግማት ሲሰነዝር እጁን ቀለበችና፣ ጠቋሚ ጣቱን ባንኮኒው ላይ በነበረው፣ ሲጫኑት ስለቱ በሚዘጋው የሲጋር ጫፍ መቁረጫ ቀዳዳ ውስጥ ከተተችው። ስለቱ ቆዳውን ሲነካው ሰውየው ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ፖሊስ ጥራልኝ» አለችኝ። «እስኪመጡ እንዲሁ እይዘዋለሁ። ከተንቀሳቀሰ ግን እኔ የለሁበትም።»

ደወልኩ። ባልየው «የኔ እመቤት፣ የኔ እመቤት» እያለ ይለምናት ጀመር። እሷ ዓይኗን ከጣቱ ሳታነሳ፣

«ወንበር ታቀብለኛለህ?» አለችኝ። «ቆሜ ደከመኝ።»