«ይያዝለት»

የንስሐ አባቴ ሦስት ጊዜ «ሌላስ?» ብለውኛል። ሦስቱንም ጊዜ «የለም፣ አባ» ብያለሁ። አለ። እሱን ነው አሁን የምነግራችሁ፤ ከናንተ በፊት የሰማው ሰው የለም።

ለንደን የመጣሁት ከዘጠና ሰባት ምርጫ በኋላ ነው። ስቶክዌል አጎቴ ተሰማ ጋ አረፍኩ። አጎቴና ጓደኛው ጋሽ ወንድሙ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡባት አንዲት ስቶል፣ የገበያ መደብ፣ ነበረቻቸው፤ የሁለቱም ናት። ጋሽ ወንድሙ ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል መመላለስ ሲጀምሩ ተጣሉ። አጎቴ «የማይሠራ ሰው ስሙ ከሱቁ ወረቀት ይውጣ» አለ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ተጨቃጭቀው አንድ ቃል ወጣ፦ «ሱቁን ተሰማ ይያዝለት።» እስኪሻላቸው ማለት ነው፤ ለማንም ግልጽ ነበር። ሁለቱም እሺ ብለው ተሳሳሙ።

«ለገበያው ፈቃድ ሰጪ ለካውንስሉ በእንግሊዝኛ ይቅረብ፤ ልጁ ይችላል፣ እሱ ይጻፈው» ተባለ። ጋሽ ወንድሙ ሳቁ። «የሱ እንግሊዝኛ እስከ ካምደን ባቡር ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትኬቱ አይሠራም!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኮሌጅ አቋርጬ ነበርና ደሜ ፈላ። በዚህ ነው? በዚህች ቀልድ? አዎ፣ በዚህች። ደግሞም ስቶሏን ፈልጌያት ነበር፤ አጎቴ ሲደክመው የኔ ትሆናለች ብዬ።

ጻፍኩ። ተሰማ «ኪፕ» ያድርግ፣ ይያዝ፣ ብዬ ጻፍኩና ነጥብ አስቀመጥኩ። «ፎር ሂም» የምትለዋን፣ «ለት»ን፣ ተውኳት፤ ያለሷ «ኪፕ» ለዘላለም የራሱ ያድርግ ነው። ፎር ሂምን የማያውቅ አለ እንዴ? አውቃታለሁ! «ለት»ን ከሽማግሌዎቹ አፍ ቆርጬ ጣልኳት። አጎቴ እንኳን አላዘዘኝም። አንዱ ሽማግሌ «በአማርኛም ጻፈው እንጂ» ሲሉ «ካውንስሉ አማርኛ አያነብም» አልኳቸው። ጋሽ ወንድሙ «አምንሃለሁ፣ ልጄ» አሉና ሳያነቡ ፈረሙ።

ከወራት በኋላ ተሽሏቸው መጡ። አጎቴ «ሱቁ የኔ ነው» ብሎ ወረቀቱን ዘረጋ። ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። «አንተ ነህ የጻፍከው፤ ምን ነበር ያልነው?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይያዝ ነው ያላችሁት» አልኩ።

ተያዩ። የገዛ ቃላቸውን ተጠራጠሩ። ጋሽ ወንድሙ ብቻ ወደኔ ዞረው «ልጄ፣ "ለት"ን የት አደረስካት?» አሉኝ። ውሳኔውን አልቀበልም ብለው ሲጮሁ «ሽማግሌ ረገጠ» ተባሉ። ያ ስም ዛሬም አለባቸው፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገባቸው ቆሞ የሚያስቀድስ የለም። እኔ? እኔማ በሰላም ተኛሁ።

እስካለፈው ወር። አሁን ሴኩሪቲ ነኝ፤ የድሮ ጽሑፍ የሚታይበት ኤግዚቢሽን ላይ አቆሙኝ። መስታወት ውስጥ የእንግሊዞች ብራና አለ፣ ስንት መቶ ዓመት ያለፈው። ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ አነበብኩ። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ተጣሉ፤ ፍርድ ቤት ከመጓተት ሽማግሌ መረጡ፤ ሽማግሌ የሚለውን እምቢ ያለ ይቀጣ ብለው በማኅተም ራሳቸውን አሰሩ። ፈረንጅና ሽምግልና! ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ ያለውን ግን ሁለቴ አነበብኩት። ውሳኔው አንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ መሃሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆርጧል፤ ለያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ። አንዱ ቃል ቢሰርቅ የሌላው ግማሽ ያጋልጠዋል።

እነዚህ ሰዎች ያውቁኛል! አጥንታቸው እንኳን የጠፋ ሰዎች እኔን ጠርጥረው መቁረጫ አንስተዋል። ጋሽ ወንድሙስ? እሳቸው ማንን ጠረጠሩ? ግማሻቸውን እኔ ጋ ነበር የተዉት፤ እኔ ደግሞ በላሁት።

አሁን «የትርጉም ስህተት ነው» ብል ሁሉም ያምነኛል፤ የትምህርቴን ነገር ያውቃሉ። ጋሽ ወንድሙ ራሳቸው ያምኑኛል፣ ምናልባት ይስቃሉ። የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው። ስህተት አልነበረም። ልጅም አልነበርኩም፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ በገዛ አፌ እናገረዋለሁ። ማሩኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የጋሽ ወንድሙ ፈንታ ነው። እናንተም አትዘኑልኝ። ሽማግሌ የረገጥኩት እኔ ነኝ።