የሐጂ ሰይድ ሞተርና የአባቴ መዶሻ

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ወደ ቤት በባጃጅ ስሄድ ሽንኩርት የጫነ መኪና መንገድ ዳር ቆሟል። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ተበጥሶ የተቃጠለ ቺንጋ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያየዋል። የተቃጠለው ጎማ ሽታ ከሽንኩርቱ ጋር ተቀላቅሎ ባጃጇ ውስጥ ሲገባ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ እኔ ግን ሳላስበው ሳቅሁ። ባጃጇን የሚነዳው ልጅ በመስታወቱ አየኝና ጋዙን ቀነስ አደረገ። በዚህ ዕድሜዋ በቃጠሎ ሽታ ለብቻዋ የምትስቅ ሴት ቢፈራም አይፈረድበትም። ያ ሽታ የአባቴ ሽታ ነው ብዬ እንዴት ላስረዳው?

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤታችን ገበያው አጠገብ ሆኖ ከኋላው ባለች አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይሠራል። የሮቢት ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ላቡን በሚጠርግበት ሰዓት እሱ እሳት ፊት ቆሞ ያፏጫል። የቀጥቃጭ ሥራ ግን ያኔ የሁለት ሰው ሥራ ነበር፤ አንዱ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ መስፍ በሚባለው ወፍራም ብረት ላይ ያገላብጣል፣ ሌላው ትልቁን መዶሻ አንስቶ ያወርዳል። አንሺው የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ደምሴ ነበር፤ ሲበላ የሚያስደነግጥ፣ ሲመታ ደግሞ የበላውን የሚያስረሳ ጎረምሳ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ መኪና ረዳት ሆኖ ተቀጠረና ያንን ክንዱን ይዞብን ሄደ። የአባቴ ቀኝ ትከሻ ቀድሞውኑ ታሞ ስለነበር ትልቁን መዶሻ ከወገቡ በላይ ማንሳት አልቻለም።

አባዬ ያን ሰሞን የተናገረውን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ መላ ካላገኘ ወናፉንም መስፉንም ሸጦ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ዘበኛ ሆኖ ሊገባ፣ እናቴና እኔ ደግሞ ደብረ ሲና አክስቴ ቤት ልንቀመጥ ነው። ደብረ ሲናን አንድ ፋሲካ አይቻታለሁ። ሁለት ጋቢ ደርበውብኝ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አድሮ፣ ጠዋት አክስቴ «ዛሬስ ሞቅ ብሏል» ስትል ሰምቼ ያለቀስኩ የቆላ ልጅ ነኝ። ከአባቴ መለየቱ ያስፈራኝ ነበር፤ ብርዱም እንደዚያው ያስፈራኝ ነበር። የትኛው ይብስ እንደነበር ዛሬ ብጠየቅ እውነቱን ለመናገር አፍራለሁ።

መላው ግን በአባዬ ጭንቅላት ውስጥ ሲብላላ የቆየ ነገር ነበር። በወጣትነቱ አንድ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ በሞተር የሚመታ መዶሻ አይቶ ነበርና ያንን በከሰል እናቴ በኖራ የቀባችው ግድግዳ ላይ ሳለው። እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርዱ ከተሰበሩ መኪኖች የተራረፈ ብረት በየመንገዱ ዳር አይጠፋም ነበርና ጭነት ሲበዛበት የሚለመጥ አንድ ባሌስትራ፣ አንድ የመኪና አክስል፣ ሁለት ኩሽኔታና አንድ ከባድ መዘውር ለቃቀመ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ባሌስትራው ወገቡ ላይ ተደግፎ እንደ ሚዛን ይቀመጣል፤ አንዱን ጫፍ መዘውሩ ሽቅብ ቁልቁል ሲያወዛውዘው ሌላው ጫፍ ላይ የታሰረው ከአክስል የተቆረጠ ብረት መስፉ ላይ ይወርዳል። ከመስፉ ሥር አንድ ወፍራም የግራር ግንድ ቁመቱን ሙሉ መሬት ውስጥ ቀበረ። በእግር የሚረገጥ ፔዳልም አበጀለት፤ ሲረገጥ ቺንጋው ይወጠርና መዶሻው ይነሳል፣ ሲለቀቅ ይላላና ያርፋል። የጎደለው ሞተር ብቻ ነበር።

ሞተር ያለው ደግሞ ከግድግዳችን ወዲያ፣ የሐጂ ሰይድ ወፍጮ ቤት ነው። ሐጂ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ዶሮዎቻቸውን በስም የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። አባዬ ግድግዳውን በስቶ በሳቸው ሞተር ላይ አንድ ቺንጋ ለመጨመር ሲለምናቸው ጢማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና «ጉልበቱ የአላህ ነው፣ አልከለክልህም፤ ናፍጣውን ግን አብረን እናዋጣለን» አሉት።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ሰፈሩ በሩቁ ተሰብስቦ አየ። አባዬ ባሌስትራውን መሐል ወገቡ ላይ በስቶ በወፍራም ቡሎን ነበር ያሰረው። መዶሻው ሰባት ጊዜ መታ፤ እኔ ጮክ ብዬ ስቆጥር ነበርና አውቃለሁ። በስምንተኛው ባሌስትራው ከተበሳበት ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረና የአክስሉ ብረት ቆርቆሮውን ቀዶ ወደ ሐጂ ግቢ በረረ። ወዲያው የዶሮ ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ የሐጂ ድምፅ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል መጣ፦ «ውብሸት! ወላሂ ዶሮዎቼ ምን በደሉህ?» አባዬ የተሰበረውን ብረት አንስቶ ሲያገላብጥ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። ባሌስትራ አይበሳም፣ ይታቀፋል። ሌላ ባሌስትራ ፈልጎ አመጣና ሳይበሳ ዙሪያውን በብረት ማቀፊያ አጥብቆ አሰረው፤ ስሕተቱን ከዚያ በኋላ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳይጠየቅ ይተርክ ነበር።

መዶሻው እንደገና ሲነሳ አልቆመም። ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያለ ሲወርድ የቤታችን ብርጭቆዎች መደርደሪያ ላይ ይጨፍራሉ። የጋለው ማረሻ ከአባዬ ጉጠት ላይ እንደ ሊጥ ይለጠጣል። አባዬ የሚታመም ትከሻውን ጥሎ በአንድ እግሩ ፔዳሉን እየረገጠ ሲስቅ አየሁት። ደብረ ሲና ቀረ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ።

ቸኩዬ ነበር። የሀገራችን ሰው ስለ ቀጥቃጭ የሚያወራው ይታወቃል፤ ቡዳ ነው ይላል። እኛን በክፉ የተናገረን ሰው አልነበረም፤ ሰላምታውም ቢሆን ሞልቶ ነበር። ብቻ እናቶች በደጃችን ሲያልፉ የሕፃናታቸውን ፊት በነጠላ ይጋርዱ ነበር፤ እኛም ያላየን እየመሰልን እንኖር ነበር። አሁን ግን የቀጥቃጩን መዶሻ የሚያነሳው ሞተር የእህላቸውን ድንጋይም የሚያዞር ሆነ። እትዬ በለጡ የሚባሉ፣ አፋቸው እንደ ሚጥሚጣ የሚፋጅ ጎረቤታችን «ቡዳው በቺንጋው በኩል ወደ ዱቄቱ ይሻገራል» ብለው ፈረዱ። ይህን የሰማ ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ተሻገረ። ሐጂ አራት ቀን ባዶ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ከዶሮዎቻቸው ጋር አወሩ። በመጨረሻ አባዬን ጠርተው፣ ዓይኑን ማየት እያቃታቸው፣ እስከ ጁምዓ ሰው ካልተመለሰ ቺንጋውን ለማውጣት እንደሚገደዱ ነገሩት። አባዬም «እውነትዎን ነው» ብሎ ተመለሰና እናቴን መስፉን ማን ሊገዛው እንደሚችል ጠየቃት።

ሐሙስ ዕለት ደጋው ላይ ሲዘንብ አደረና የሮቢ ወንዝ ሞላ። ወዲያ ማዶ መሻገር የማይታሰብ ሆነ። እኔ የእናቴን ማሽላ ይዤ ብቻዬን ወፍጮ ቤት ተቀምጫለሁ፤ እኛማ ከራሳችን ቡዳ ምን እንፈራለን! እትዬ በለጡ ጆንያቸውን ተሸክመው ብቅ አሉ። የጆንያው አንገት ላይ ጤና አዳምና ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ታስሯል። እኔን ሲያዩ ትንሽ ደንገጥ አሉና «ደህና ዋልሽ፣ ልጄ» ብለው ጆንያውን ወደ ሌላው ጎን አዞሩት።

የእትዬ በለጡ እህል መፈጨት ሲጀምር አባዬም ማን እንደመጣ ሳያውቅ የመጨረሻውን ማረሻ ሊሠራ ፔዳሉን ረገጠ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ወፍጮውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። እትዬ በለጡ ነጭ ሽንኩርቱን ጨብጠው በስመ አብ አሉ። ያን ጊዜ ወፍጮ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል፤ ዱቄቱ በሚወርድበት የጨርቅ እጅጌ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጣበቅና የሚቀር ነገር አለ። ሴቶቹ በመዳፋቸው እየመቱ ያራግፉታል፣ ከባለወፍጮው ጋር ይጨቃጨቃሉ፣ የቀረው ይቀራል። ያን ቀን ግን አንዲት ብናኝ አልቀረም፤ መዶሻው በመታ ቁጥር ዱቄቱ ራሱን እያራገፈ ይወርዳል። እትዬ በለጡ ጆንያቸውን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡ፤ እንደገና አነሱ።

«ሐጂ፣ የማን ዱቄት ነው የተቀላቀለብኝ?»

«ኧረ ወላሂ ያንቺው ነው!»

«እጅግ በዝቷልኮ!» አሉና እጅጌውን ገልብጠው ውስጡን አዩ። ባዶ ነው። «ታዲያ የኔ ዱቄት እስከ ዛሬ የት ይገባ ነበር?» ሲሉ ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ በሩ ዞሩ፤ የደለቡት ዶሮዎቻቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ቺንጋው ሊወጣ በተቀጠረበት ጠዋት የሴቶቹ ሰልፍ እስከ መንገዱ ደረሰ። ነጭ ሽንኩርቱ አልቀረም፤ ከየጆንያው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ብቻ ሁሉም ከመሰለፋቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ጋሼ ውብሸት አሉ?» አባቴ የለም ማለት ወፍጮም የለም ማለት ሆነ። እሳት ባልነደደበት ቀን እንኳ እትዬ በለጡ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል «ጋሼ ውብሸት፣ በሞቴ ትንሽ ይቀጥቅጡልኝ!» ብለው ይጮሃሉ። አባዬም እምቢ ማለት አያውቅምና መስፉ ላይ ጉማጅ እንጨት አስቀምጦ ለዱቄት ሲል ይቀጠቅጣል። በዚህ የተነሳ ኩሽኔታው ያለጊዜው ያልቃል፣ ቺንጋው ይቃጠላል፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባዬ እስከ ክንዱ ግራሶ ተቀብቶ እያፏጨ ይጠግናል። የሐጂ ዶሮዎች ከሱ። እኔም ደብረ ሲናን ከዚያ በኋላ ያየኋት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው።

ያ ሁሉ የለም። መብራት መጣና ወፍጮው ሌላ ቦታ ሄደ፤ ሐጂ አረፉ፤ ፋብሪካ የሠራው ማረሻ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ መጣ። መዶሻው ሲፈታ አባዬ ራሱ ነበር ቡሎኖቹን የፈታው፣ ለገዛው ቁራሌው ሻይ እያቀረበ። ለብረቱ ብዙም አላዘንኩም፤ አልቆ ነበር። የሚቆጨኝ ሰው አባቴን በአንቱታ፣ በስሙ፣ እየፈለገ ሲጠራው መስማቴ መቅረቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባዬ አረፈ። በአርባው ቀን እትዬ በለጡ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ፤ ከድንኳኑ አልቀሩም፣ ቤት ድረስ ገቡ። በልጅነቴ አንድም ጎረቤት ከቤታችን አንዲት ጉርሻ ሲቀምስ አላየሁም ነበር፤ መዶሻውን እየወደዱት እንኳ እንጀራችንን አይነኩም ነበር። እትዬ በለጡ ግን እጃቸውን ታጥበው፣ መደብ ላይ ተደላድለው፣ ያቀረብኩላቸውን ጥርግ አድርገው በሉና ሳህኑን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ፤ ምስሩ ይጣፍጣል» አሉ። ጭልፋውን እንደያዝኩ ወደ ጓሮው ዞርኩና፣ መጥቶ እንዲያይ፣ አባዬን ልጠራው አፌን ከፈትኩ።